እህቴ አለቃዋን ከሰሰች፣ ከዱባይ ወደ ፉጀይራ የምትዛወረው ግን እሷ ናት፤ ትፈርም?

የደብረሲናው፦
ሰላም ለሁላችሁ። እህቴ ዱባይ ውስጥ በአንድ የጽዳት ድርጅት ተቀጥራ ሆቴል ትሠራለች። የቤት ሠራተኛ አይደለችም፣ ቪዛዋ የድርጅቱ ነው። የፈረቃ ሱፐርቫይዘሯ አጉል ንግግርና መነካካት ሲያበዛባት ለኤች አር (ለድርጅቱ የሰው ኃይል ክፍል) በኢሜይል አመለከተች። ሰውየው እዚያው ቦታው ላይ ነው። እሷን ግን «ለራስሽ ደህንነት ነው» ብለው ሌላ ኤምሬት፣ ፉጀይራ ወዳለ ሆቴል የምትዛወርበትን ወረቀት ሰጧት። ደመወዙ አይነካም ይላሉ፤ ኦቨርታይሙና ቲፑ ግን ይቀራል፣ የምታውቃቸው ልጆችም ሁሉም ዱባይ ናቸው። ወረቀቱ በዐረብኛ ነው፣ በሦስት ቀን ውስጥ ፈርሚ ተብላለች። እምቢ ካልኩ «ጠፍታለች» ብለው ያመለክቱብኛል ብላ ፈርታለች። የሄደችው በአዲስ አበባ ኤጀንሲ በኩል ነው። ምን ታድርግ? እኛስ ከዚህ ሆነን ምን እናግዛት?

አንጎለላ፦
መጀመሪያ ወረቀቱ ምን እንደሚል ይታወቅ። ፎቶ አንስታ በስልኳ ታስተርጉመው፣ ከዚያ ዐረብኛ የሚያነብ ሰው ይየው፤ ስልኩ ብቻውን አይታመንም። «ነቅል» የሚል ከሆነ ዝውውር ነው። «ኢስቲቃላ» የሚል ቃል ካለበት የሥራ መልቀቂያ ነው፣ «ተናዙል» ካለበት ደግሞ መብትን መተው ነው፣ ማለትም አቤቱታዬን አንስቻለሁ ወይም ሒሳቤን ጨርሼ ተቀብያለሁ እንደማለት። ሁለቱን በዝውውር ወረቀት ግርጌ ሸጉጦ ማስፈረም የተለመደ ነው፤ እነዚህ ካሉበት ብዕር አታንሳ።

ቀጥሎ በወረቀቱ ላይ የድርጅቱን ስምና የፈቃድ ቁጥር በሥራ ፈቃዷ ላይ ካለው ጋር ታስተያይ። «እህት ድርጅት» እየተባለ በሌላ ፈቃድ ወደሚሠራ ድርጅት የሚላኩ አሉ። ኤምሬትስ ውስጥ የሥራ ፈቃድ የሚወጣው በአንድ ድርጅት ስም ነው፤ ፈቃዱ ሳይዞር ሌላ ቦታ ማሠራት በአሠሪው ላይ ከባድ ቅጣት ያስከትላል፣ እሷም ፍተሻ ቢመጣ ችግር ውስጥ ትገባለች። ስሙ ከተለየ መልሷ «መጀመሪያ ፈቃዴ ይዙር» ነው።

ስሙ አንድ ከሆነ ወሳኙ ውሉ ነው። በሠራተኛ ሚኒስቴሩ (ሁሉም «ሞህሬ» የሚለው) መተግበሪያ ላይ የተመዘገበው ውል ይገኛል፤ የሥራ ቦታው ምን ተብሎ እንደተጻፈ ትይ። «ዱባይ» ካለ ጥሩ መከራከሪያ አላት። «ድርጅቱ በሚመድበኝ ቦታ ሁሉ» የሚል አንቀጽ ካለ ግን ቦታው ላይ መሟገት ብዙ አያስኬድም፤ ዝውውሩ የበቀል መሆኑን ማሳየት ይሻላል። የሥራው ዓይነትም ከተለወጠ፣ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ የሚሠራው የ2021 ቁጥር 33 የሥራ ሕግ አንቀጽ 12 በውል ያልተስማማችበትን ሥራ ለማሠራት የጽሑፍ ፈቃዷን ይጠይቃል። ያ ሥራ መኖሪያ የሚያስቀይር ከሆነም የማጓጓዣውና የመኖሪያው ወጪ በአሠሪው ላይ ነው።

ሸዋሮቢት፦
አንጎለላ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ዋናው ነገር ግን ቀርቷል። ለኤች አር የላከችው ኢሜይል ማስረጃ ነው እንጂ ጋሻ አይደለም። የዚያው ሕግ አንቀጽ 14 ትንኮሳን ይከለክላል፤ አንቀጽ 47 ደግሞ ሠራተኛው ለሚኒስቴሩ አቤቱታ በማቅረቡ ወይም ክስ በመመሥረቱ፣ ያም እውነት ሆኖ ከተገኘ፣ ማባረርን ሕገ ወጥ ያደርገዋል፤ ካሳው እስከ 3 ወር ደመወዝ ይደርሳል። ለኤች አር ማመልከት እዚያ ውስጥ አልተጻፈም። ስለዚህ የዝውውሩ ቀን ሳይደርስ ለሚኒስቴሩ ታመልክት፤ በመተግበሪያው ወይም በ80084 ደውላ። ሚኒስቴሩ ለማስማማት 14 ቀን አለው፣ ካልተስማሙ ጉዳዩ ይቀጥላል። መነካካቱ ግን የወንጀል ጉዳይ ስለሆነ ለፖሊስ ነው የሚቀርበው፤ ሚኒስቴሩ አይመረምረውም። (ድርጅቱ በፍሪ ዞን፣ ማለትም በነጻ የንግድ ቀጠና፣ የተመዘገበ ከሆነ መጀመሪያ የሚቀርበው ለዞኑ አስተዳደር ነው።)

«አልሄድም» ብላ ማደሪያዋ ውስጥ መቀመጥ ደግሞ በገዛ እጅ ገመድ ማቀበል ነው። ከ7 ተከታታይ ቀን በላይ ያለ በቂ ምክንያት ከቀረች ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቷት ይችላሉ፤ «ጠፍታለች» የሚለውም የሚመጣው በዚያው በር ነው። ያለበቂ ምክንያት ሥራ ጥላ ሄደች ከተባለ ደግሞ ለ1 ዓመት አዲስ የሥራ ፈቃድ አይሰጣትም። ስለዚህ በየቀኑ በፈረቃዋ ትገኝ፣ ጣት የምታስነካበት ወይም የምትፈርምበት መዝገብ ካለ አታሳልፍ፣ ከበር ከመለሷት እዚያው ቆማ «ለሥራ መጥቻለሁ፣ እንዳልገባ ተከልክያለሁ» ብላ ለኤች አር በዋትስአፕ ትጻፍ።

ለዝውውሩ የምትሰጠው መልስ አጭር ይሁን፣ ስድብና ልቅሶ አይኑርበት። ይህን በእንግሊዝኛ አስተርጉማ በኢሜይል ብትልክ ይበቃል፦

«የዝውውር ደብዳቤው ደርሶኛል። ዝውውሩን እኔ አልጠየቅሁም፤ የመጣውም በዚህ ቀን ስለ ትንኮሳ ካመለከትኩ በኋላ ነው። ምክንያቱን፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ፣ የሥራ መደቤና ደመወዜ እንደማይቀነስ፣ የመኖሪያና የትራንስፖርት ወጪውን ማን እንደሚችል በጽሑፍ አሳውቁኝ። ያመለከትኩት ጉዳይ የት እንደደረሰም ግለጹልኝ። እስከዚያው በመደበኛ ፈረቃዬ እገኛለሁ።»

ፈርሚ ብለው ከቆሙባት ከፊርማዋ ጎን «ደርሶኛል፣ አልተስማማሁም» ብላ ቀን ታስፍር። መቀበልና መስማማት ለየቅል ናቸው። ጽሕፈቱን አንቀበልም ካሉ ሳትፈርም ትውጣና በዚያው ሰዓት የሆነውን በኢሜይል ትጻፍላቸው።

በሬሳ፦
ስለ ማስረጃ ልጨምር፤ ብዙዎች እዚህ ላይ ነው ራሳቸውን የሚጥሉት። ሰውየውን በድብቅ ድምፁን መቅዳት ወይም ቪዲዮ ማንሳት ኤምሬትስ ውስጥ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ በ2021ዱ ቁጥር 34 የሳይበር ሕግ እስራትና ከ150 ሺህ ድርሃም የሚጀምር ቅጣት አለው። ከሳሿ ተከሳሽ ትሆናለች። ቲክቶክ ላይ ስምና ፎቶ መለጠፍም ያው ነው፤ አንተም ከደብረ ሲና ሆነህ አትለጥፍ፣ ዞሮ እሷን ነው የሚያገኛት።

የሚጠቅመው ሰውየው ራሱ የላከላት መልእክት፣ ለኤች አር የጻፈችውና የመለሱላት፣ ከማመልከቷ በፊትና በኋላ ያለው የፈረቃ ሰሌዳ፣ የ6 ወር የባንክ ስቴትመንት (ኦቨርታይሙ ምን ያህል እንደነበር የሚታየው እዚያ ነው)፣ እና ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የተባለው ቃል፣ አጠገቧ የነበረ ሰው እየተባለ የተጻፈ ማስታወሻ ነው። በቃል ያለ ይረሳል። የድርጅት ኢሜይል በአንድ ሌሊት ሊዘጋ ስለሚችል የራሷን ደብዳቤዎች ዛሬውኑ ወደ ግል ኢሜይሏ ታውጣ፣ ለአንተም ትላክ። የእንግዶች ዝርዝር፣ የሌላ ሠራተኛ ፋይል ግን አትንካ። ፓስፖርቷን ይዘውባት ከሆነም በአቤቱታው ላይ ታክለው፤ ክልክል ነው።

ይፋት፦
ሁላችሁም እንዳትሄድ ነው የምትመክሩት። ሰውየው ከሌለበት ቦታ መሆን በራሱ ዕረፍት አይሆንም? እኔ ብትሄድ እመርጣለሁ።

ሸዋሮቢት፦
ይፋት፣ መሄዱን ማንም አልከለከለም። ሄዳም አቤቱታዋ ይቀጥላል፤ ሳትስማማ መሄዷ ግን በጽሑፍ ይኑር። ከሄደች የኦቨርታይሙን ጉድለት ስሌት፣ ማደሪያው ስንት ሰው በአንድ ክፍል እንደሚይዝ፣ የፉጀይራው ሱፐርቫይዘር ለማን ተጠሪ እንደሆነ አስቀድማ ትጠይቅ። የመጨረሻው የሚናቅ አይደለም፤ ተጠሪነቱ ለዚያው ሰውዬ ከሆነ ቦታ ተቀየረ እንጂ ምንም አልተቀየረም።

ጣርማበር፦
የእናንተን ወገን ሥራ ልንገርህ፣ ወንድሜ። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 (በ1246/2013 ተሻሽሏል) መሠረት ኤጀንሲው ለውሉ መጣስ ከአሠሪው ጋር አብሮ ይጠየቃል። «እኛ ልከን ጨርሰናል» የሚሉት አይሠራም። ነገር ግን ከደብረ ሲና 190 ኪሎ ሜትር ተጉዘህ በቃል አስረድተህ ከተመለስህ ምንም እንዳልሆነ ቁጠረው። ከውሉ፣ ከፓስፖርቱና ከቪዛው ኮፒ፣ ከአቤቱታውና ከዝውውር ወረቀቱ ጋር ማመልከቻ አስገባ፣ የአንተ ቅጂ ላይ ማኅተምና ቀን አስመታ። ዝም ካሉ ያችኑ ማኅተም ያለባትን ቅጂ ይዘህ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ትሄዳለህ። አዲስ አበባ መመላለሱ ከከበደ ደብረ ብርሃን ባለው የዞኑ ሥራና ሥልጠና መምሪያ ጀምር፤ ውሳኔ ባይሰጡም ደብዳቤ ይጽፉልሃል።

ኤጀንሲው «ከእሷ ሌላ አናናግርም» ማለቱ አይቀርም። ውክልና ያስፈልግሃል፦ ዱባይ ባለው ቆንስላችን ትፈርማለች፣ ዋናው ሰነድ ይላካል፣ አዲስ አበባ ላይ ውጭ ጉዳይ ያረጋግጠዋል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ጊዜ ስለሚወስድ አሁኑኑ ይጀመር፤ እስከዚያ ለኤጀንሲው ራሷ ትጻፍ። በውክልናው ላይ «ካሳ ለመጠየቅ፣ ለመክሰስና ለመከሰስ» የሚለው በግልጽ ይግባ፤ በደፈናው የተጻፈ ውክልና ፍርድ ቤት ላይ ይመልሱታል።

ሌላው ገንዘብ ነው። ለሁለት ሦስት ወር ላኪ አትበሏት፣ ዕቁብም ካለባት እዚህ እናንተ ሸፍኑላት። ነገሩ ወደ መልቀቅ ካመራ ክፍል መከራየት አለ፣ ቪዛ አለ፤ እጇ ላይ ገንዘብ የሌላት ልጅ ያቀረቡላትን ሁሉ ትፈርማለች። ለእናታችሁ «ሥራ ቦታዋ ተቀየረ» ማለት ይበቃል፤ የቀረው ማኅበር ላይ ከተወራ ነገ ተመልሳ ወሬው ይጠብቃታል። ስትደውልልህ ደግሞ «ቻይው» አትበላት። ምን እንደጻፈች፣ ምን እንደመለሱላት ጠይቃት።

የደብረሲናው፦
እግዜር ይስጣችሁ። ወረቀቱ ነቅል ብቻ ነው፣ የድርጅቱም ስም አንድ ነው። ውሉ ላይ ቦታው ዱባይ ይላል። ፓስፖርቷ ግን እነሱ ጋ ነው።

ሸዋሮቢት፦
እንግዲያው መልሱን ዛሬ ማታ ትላክ፣ ነገ ጠዋት ከፈረቃ በፊት 80084 ትደውል። ዝውውሩን፣ ትንኮሳውንና ፓስፖርቱን ሦስቱንም በአንድ አቤቱታ ታስመዝግብ፤ ፓስፖርቱን ብቻ ካነሳች እሱን መልሰው ፋይሉን ይዘጉታል። የአቤቱታ ቁጥሩ ሲደርሳት ስክሪንሹቱን ላንተ ትላክ።