በረንዳ ላይ ለምታድር እናት ከሳንቲም ሌላ ምን ማድረግ ይቻላል?

ሠራተኛዋ ከሃያ ሁለት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የምሠራው አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት አካባቢ በሚገኝ ሕንፃ ላይ ነው። ከሕንፃው ሥር ባለው የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር ማደር ከጀመረች አምስት ወር ሊሞላት ነው። ትልቋ ልጅ ሰባት ዓመት ገደማ ትሆናለች፤ ትንሹ ገና ጡት አልጣለም። እናትየዋ ሁልጊዜ ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል በፊት ካርቶኑን አጣጥፋ፣ ላስቲኩን ጠቅልላ፣ በረንዳውን ከዳር እስከ ዳር ጠርጋ ትጨርሳለች። በመጀመሪያ ለንጽሕና ብላ የምታደርገው መስሎኝ ነበር። ኋላ የሕንፃው ጥበቃ እንደነገረኝ ግን፣ ቦታው ቆሽሾ የተገኘ ዕለት እንደሚያስነሣት አስጠንቅቋታል። ለማደሪያዋ የምትከፍለው ኪራይ መጥረጉ ነው ማለት ነው።

እኔ ሳልፍ አንዳንድ ጊዜ 10 ብር፣ አንዳንድ ጊዜ ዳቦ እሰጣታለሁ። ዝርዝር በእጄ በሌለበት ቀን ደግሞ እንደማንኛውም መንገደኛ «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ አልፋለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን ትልቋ ልጅ ስታየኝ እጇን መዘርጋቷን ትታ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት «እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። ልትሰድበኝ አልነበረም፤ የምለውን አስቀድማ ስላወቀችው ብቻ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ በኩል ማለፍ ከብዶኛል።

የሥራ ባልደረቦቼ ገንዘብ መስጠት ልጆቹ ከጎዳና እንዳይነሡ ያደርጋል ይላሉ። ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው። ሳንቲም መስጠቱን ልቀጥል ወይስ ላቁም? ከዚያ የተሻለ፣ እንደ እኔ ያለች ደመወዝተኛ የምትችለው ነገር ካለስ ምንድን ነው? ደግሞስ እንዴት ብዬ ላናግራት? አምስት ወር ሙሉ በየቀኑ እያየኋት ስሟን እንኳ አለመጠየቄ ያሳፍረኛል።

ማኅበራዊ ሠራተኛ

እህቴ፣ ሌላው ሁሉ ከእሱ በኋላ የሚመጣ ስለሆነ ከመጨረሻው ጥያቄዎ ልጀምር። ጎዳና ላይ ከሚኖሩ ቤተሰቦች ጋር ለዘጠኝ ዓመታት ስሠራ እንደታዘብኩት፣ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚጠይቃቸው «ከአገርሽ ለምን መጣሽ?» ብሎ ነው። ይህ ለእነሱ የምርመራ ያህል ነው፤ በደንብ አስከባሪውም፣ በወረዳውም፣ በመንገደኛውም ሲጠየቁ ስለኖሩ፣ ጠያቂውን ደስ የሚያሰኘውን መልስ አዘጋጅቶ መጠበቅን ለምደዋል። ስሟን ይጠይቁ፤ የልጆቹን ስም ይጠይቁ፤ ከተቻለ ደግሞ አጠገቧ ቁጭ ብለው ይጠይቁ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስመለስ፣ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር ይህች እናት ዛሬ ሥራ ብታገኝ እንኳ ነገ ቤት መከራየት አለመቻሏ ነው። አከራይ መታወቂያ ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜም የሁለትና የሦስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ይፈልጋል። የከተማውን መታወቂያ ለማውጣት ደግሞ ከመጣችበት ቀበሌ መሸኛ ማምጣትና እዚህ የቤት ቁጥር ባለው ሰው ቤት መመዝገብ ያስፈልጋታል። ቤት ለማግኘት መታወቂያ፣ መታወቂያ ለማግኘት ቤት! መሸኛውን ልታመጣ አገሯ እንዳትሄድ የመሳፈሪያ ገንዘብ የላትም። በቤት ሠራተኛነት ልቀጠር ብትል ዋስ ጥሪ ትባላለች፤ ዋስ ቢገኝ እንኳ ሁለት ልጅ ይዛ የሚቀበላት ቤት ከስንት አንድ ነው።

ድጋፍ ፈጽሞ የለም ማለቴ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሥራ የጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት (ችግረኛ የከተማ ነዋሪዎችን የሚደግፍ የመንግሥት ፕሮግራም)፣ ለዋናው ክፍሉ ተጠቃሚዎችን የሚመለምለው በየአካባቢው ከሚታወቁ ነዋሪዎች መካከል ቢሆንም፣ ጎዳና ላይ ለሚኖሩ ወገኖች ምክርን፣ የሙያ ሥልጠናንና ከቤተሰብ ጋር ማገናኘትን የሚጨምር የተለየ ክፍል አለው። የመጀመሪያው በር የወረዳው ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው። መቄዶንያ ውሰጃት የሚልዎት ሰው አይጠፋም፤ መቄዶንያ ግን ለአረጋውያንና ለአእምሮ ሕሙማን የተቋቋመ ማእከል በመሆኑ ለእሷ ቦታው አይደለም።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ከትልቋ ልጅ እጀምር ነበር። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ለተማሪዎች ዩኒፎርምና ደብተር ይሰጣል፤ ቁርስና ምሳም እዚያው ይመገባሉ። ልጅቱ ተመዘገበች ማለት ትምህርት ባለበት ቀን ሁሉ ሁለት ጊዜ ትበላለች ማለት ነው፤ እናቷም ጀርባዋ ላይ ካለው ሕፃን በስተቀር ሌላ ጭንቀት ሳይኖርባት የቀን ሥራ መፈለግ ትችላለች። ለምዝገባው የልደት ማስረጃ መጠየቁ አይቀርም። እሱ ከሌላት የክትባት ካርድ እንዳላት ይጠይቋት፤ ዕድሜዋን ለማስረዳት ብዙ ያግዛል።

ባለ ሱቅ ከመርካቶ

ልብ የለህም አትበሉኝና፣ ጉዳዩን ከሌላኛው ወገን የሚያይ ሰውም መናገር አለበት። ሱቄን ስከፍት በየጧቱ የሚቀበለኝ የሽንት ሽታ ነው። ዛሬ በአንዲት ሴት ጀርባ ላይ ያየሁትን ሕፃን በሌላ ቀን በሌላ ሴት ጀርባ ላይ አይቼዋለሁ፤ ልጅ በቀን ሒሳብ ተከራይቶ የሚለምን ሰው መኖሩን የመርካቶ ሰው ሁሉ ያውቃል። እንደ ሰፈሬ ነጋዴዎች ሁሉ እኔም ዓርብ ዓርብ ዝርዝር በጣሳ አዘጋጅቼ ለመጣው ሁሉ እሰጣለሁ። ነገር ግን ሃያ ዓመት ሙሉ የምሰጣቸው ሰዎች ያው ራሳቸው ናቸው፤ የሞተ ይቀንሳል እንጂ በእኔ ሳንቲም ከጎዳና የተነሣ አንድ ሰው አላየሁም። ስለዚህ የእኔ ምክር፣ ገንዘቡን በእጇ ከመስጠት ለታወቀ ድርጅት መስጠት ይሻላል የሚል ነው።

ማኅበራዊ ሠራተኛ

ባለ ሱቁ ያሉት ነገር መኖሩን አልክድም፤ ልጅ ተከራይተው የሚለምኑትን እኔም አጋጥመውኛል። ነገር ግን እዚህ የተጠየቅነው ልጇን ስለምታጠባና አምስት ወር ሙሉ ከአንድ በረንዳ ስላልተነቃነቀች እናት ነው። ስለ ሽንቱም ቢሆን፣ ሌሊት ክፍት የሆነ መጸዳጃ ቤት በአካባቢዎ ስንት እንዳለ ይቁጠሩልኝ፤ ባለበትም ቦታ ለመግባት ይከፈላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና አሳዳጊ ያጡ ልጆችን መርዳት የመንግሥት ኃላፊነት መሆኑን ይደነግጋል። ይህች ሴት ጤነኛ ናት፣ አላረጀችም፣ ልጆቿም እናት አላቸው። ከሦስቱ ስለማትመደብ፣ የሚቀራት በር ጠባብ መሆኑን አስቡት።

የአውቶቡስ ተራው

እኔ ይህን የምጽፈው ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት አውቶቡስ ተራ ላይ ማዳበሪያ ውስጥ ያድር የነበረ ሰው ሆኜ ነው። ዛሬ ቤት ቀለም ቀቢ ነኝ፤ የተከራየሁት ክፍልና አንድ ልጅ አለኝ።

ሰው የማያምነኝ ነገር ቢኖር፣ ጎዳና ላይ መኖር ርካሽ አለመሆኑ ነው። ለድሃ ሁሉም ነገር በችርቻሮ ነው። ሊስትሮ ስሠራ የተሻለ ያገኘሁ ዕለት፣ ብዙ ሰው ተደርድሮ በሚተኛበት ቤት በአንድ ሌሊት 15 ብር ከፍዬ አድር ነበር። ወር ሙሉ ቢታደርበት 450 ብር ይሆናል፤ በዚያን ጊዜ በዚያ ገንዘብ ከከተማው ዳር የጭቃ ክፍል ይገኝ ነበር። ግን 450 ብር በአንድ ጊዜ በእጄ ገብቶ አያውቅም። የምበላው ከሆቴል የሚወጣ ቡሌ፣ ማለትም የተመጋቢ ትራፊ ነበር፤ እሱም በነጻ አይገኝም፤ አውጪው ልጅ ድርሻውን ይቀበላል። ዝናብ የመታው ልብስ እስኪደርቅ ሥራ የለም። ለመታጠብ ይከፈላል፤ ያልታጠበ ሰው ደግሞ ሥራ የሚሰጠው የለም።

ሦስት ቀን ሠርቼ ያጠራቀምኩትን በአንድ ሌሊት እንቅልፍ ወስዶኝ ተነጥቄ አውቃለሁ። ስለዚህ የተገኘውን ዕለቱን መጨረስ ብልግና መስሎ ቢታያችሁም ስሌት ነበር፤ ሆዴ ውስጥ የገባውን ማንም አይነጥቀኝምና። በመጨረሻ ያነሣኝ ብዙ ብር የሰጠኝ ሰው አይደለም። ጫማውን የምጠርግለት አንድ የቀለም ነጋዴ፣ «ያገኘኸውን ማታ ማታ አምጣልኝ፣ በደብተር እየጻፍኩ አስቀምጥልሃለሁ» አለኝ። አስቀመጠልኝ። ከአራት ወር በኋላ ብሩሽና ሮለር ገዝቼ ከእሱ ደንበኛ ጋር ሥራ ጀመርኩ።

ስለዚህ እህቴ፣ 10 ብሩን አይተዉ፤ ሕፃኑ ዛሬም ይራባል። ነገር ግን እሷ የምታስቀምጠው ነገር እንዳላት ይጠይቋት።

እናት ከጉለሌ

ልጄ፣ ብዙ የምጨምረው የለኝም። በእኛ ጊዜ ለማኝን ለማኝ ብሎ መጥራት ነውር ነበር፤ «የእኔ ቢጤ» ነበር የሚባለው። እንደ እኔ ያለ ሰው ማለት እኮ ነው። አሁን ቃሉን ሁሉም ይለዋል፣ ምን እንዳለ ግን የሚሰማው ያለ አይመስለኝም። ባዶ እጅሽን የሆንሽ ቀን ዝም ብለሽ አትለፊያት፤ «እንዴት አደርሽ» በያት። ደግሞ ለሕፃኑ ያረጀ ጋቢ ካለሽ ከወዲሁ ስጪያት፤ የሐምሌ ብርድ አጥንት ይሰብራል።

ሠራተኛዋ ከሃያ ሁለት (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ እናቴ፣ እርስዎንም። ጋቢው ደርሷል።

ትናንት ከሥራ ስወጣ ካርቶኑ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስሟን ጠየቅኋት። መጀመሪያ ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደመጣሁ ነበር የጠየቀችኝ፤ ልትመዘግበኝ ነው ብላ ፈርታ ነበር። ትልቋ ልጅ ግን ወዲያው ለመደችኝና ቁጥር እስከ ሃያ ቆጠረችልኝ። 14ን ትዘላለች።

የሚቀመጥ ነገር እንዳላት ስጠይቃት ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ከነጠላዋ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣች፤ ፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል፣ እሱ ውስጥ ሌላ ፌስታል ነበር። የነበረው 340 ብርና የትልቋ ልጅ የክትባት ካርድ ነው። ካርዱን ዝናብ አግኝቶት ግማሹ ቀለም ፈስሷል፤ ስሟና የተወለደችበት ቀን ግን ይነበባሉ። ብሩን መልሳ ወደ ነጠላዋ አስገባች። ካርዱን ግን ሰጠችኝና «ይህን ከዝናብ አስቀምጭልኝ፤ ብሩን ሌላ ጊዜ» አለችኝ። አሁን በመሥሪያ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ነገ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ አብሬያት ወደ ወረዳው ልሄድ ነው። ስንት ሰዓት ላይ ብንደርስ ይሻላል?

ማኅበራዊ ሠራተኛ

ከ2 ሰዓት ተኩል በፊት ይድረሱ፤ ወረፋው ከረዘመ ለከሰዓት ያስተላልፏችኋል። ካርዱን ከመሄድዎ በፊት ፎቶ ኮፒ ያስነሡት፤ ዋናውን ማንም ቢጠይቅዎ አሳይተው መልሰው ይያዙት እንጂ ትተውት እንዳይመጡ። ልጅቱንም ይዛችሁ ሂዱ።