«እሱ»ም «እሷ»ም መባል ለማይፈልግ ተማሪ በአማርኛ ምን ልጠቀም?

ሜሪላንድ ውስጥ የኮሌጅ ተማሪዎች ጋዜጣ ላይ እሠራለሁ። ስለ ጾታ ማንነት ያወጣነውን ክርክር ሐበሻ ወላጆች እንዲያነቡት ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ከተከራካሪዎቹ አንዱ፣ የ20 ዓመት ተማሪ፣ «እሱ»ም «እሷ»ም መባል አይፈልግም (ይኸው፣ እዚህም ግሱ ወንድ አደረገው)።

እንግሊዝኛው መላ አለው፤ የአሜሪካው ዜና ወኪል የአሶሺየትድ ፕሬስ የአጻጻፍ መመሪያ በ2017 እ.ኤ.አ. የብዙ ቁጥሩን ተውላጠ ስም («they»ን) ለአንድ ሰው መጠቀምን በተወሰነ ሁኔታ ፈቅዷል። የእኛ ግስ ግን ወይ «ጻፈ» ነው ወይ «ጻፈች»። «እሳቸው ጻፉ» ስል እናቴ አንብባ «ሽማግሌ ናቸው እንዴ?» አለችኝ። «እነሱ» ስል ብዙ ሰው መሰለ። ስም እየደጋገምኩ ብሞክርም ግሱ ያው ነው። «ጻፍኩ» የሚያድነኝ በጥቅስ ውስጥ ብቻ ነው።

ሐሙስ ኅትመት ይገባል። ተማሪውን ሳላስከፋ፣ እናቴንም ሳላደናግር የትኛውን ልጠቀም?