ማሲንቆ ቤት ውስጥ ለመቅዳት፦ የድሮ ድምፅ ያለው ርካሽ ማይክና ፕሪአምፕ

ባሶናው፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ደብረ ብርሃን ነኝ። አጎቴ ማሲንቆ ይጫወታል። የሰርግና የማኅበር ሰው ነው፤ ስቱዲዮ ገብቶ አያውቅም። እኔ ላፕቶፕና ባለ ሁለት መግቢያ ፎከስራይት ስካርሌት ሳውንድ ካርድ አለኝ። ቤት ውስጥ ልቀዳው አስቤያለሁ።

ችግሬ ማይኩ ላይ ነው። ያለችኝ ከነስታንዷ የምትሸጥ ርካሽ ኮንደንሰር ማይክ ናት። ለንግግር ደህና ናት። ማሲንቆ ፊት ስትቀርብ ግን ጆሮ ትበሳለች። የደጋኑና የጭራው ፍትጊያ ሁሉ ወደ ፊት ይመጣል፣ የቆዳው ድምፅ የለም። አጎቴ ቅጂውን ሰምቶ «ይሄ ደግሞ የማን ማሲንቆ ነው?» አለኝ።

የምፈልገው አባቴ ካሴቶች ላይ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ነው። ወፈር፣ ለስለስ ያለ። ዩቲዩብ ላይ ሁሉም ኒውማን ዩ 47 ማይክ፣ ኒቭ 1073 ፕሪአምፕ (የማይኩን ደካማ ድምፅ የሚያጎላ ዕቃ) ይላል። በእነሱ ዋጋ ቤት ይሠራል። በጀቴ 25 ሺህ ብር ነው፣ ግፋ ቢል 30። ፕሪአምፕ ልግዛ ወይስ ማይክ? መርካቶ አሮጌ ማይክ ይገኛል የሚሉኝም አሉ። የምታውቁ አንድ በሉኝ።

ቢት ሠሪው፦

ብሮ፣ ምን አደከመህ? የ1073ን ድምፅ ኮምፒውተር ላይ የሚያስመስል ፕለጊን አለ፣ የቴፕ ፕለጊን አለ። ጫንና ጨርስ።

ጣርማ በር፦

ፕለጊኑ ይቆይ። ማይኩ ያልያዘውን ድምፅ ፕለጊን ከየት ያመጣዋል?

ባሶናው ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት እዚሁ ሰሜን ሸዋ ቴፕና አምፕሊፋየር ስጠግን ነው። አሁን ጓዳዬን መቅረጫ አድርጌዋለሁ። ፕሪአምፕ አትግዛ። ለጊዜው እንኳ አትግዛ።

ኮንደንሰርህ ለምን እንደሚጮህ ልንገርህ። ከርካሾቹ ባለ ትልቅ ካፕሱል ኮንደንሰሮች ብዙዎቹ ካፕሱላቸው (ድምፁን የሚይዘው ክፍል) የኒውማን ዩ 67ን የተከተለ ነው። ዩ 67 እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣ ማይክ ነው። ካፕሱሉ ቀጭኑን ድምፅ አጉልቶ ያነሳል፤ ሰርኪዩቱ ደግሞ ያንኑ መልሶ ይቀንሰዋል። የዛሬዎቹ ርካሾች ካፕሱሉን ወሰዱ፣ መቀነሻውን ተዉት። ማሲንቆ በተፈጥሮው ቀጭን ድምፅ የሞላበት መሣሪያ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ አጎትህ የሰማውን ትሰማለህ።

የአባትህ ካሴቶች ድምፅ በዋጋ የሚመጣ እንዳይመስልህ። ቀጭኑን ድምፅ ገታ የሚያደርግ ማይክ፣ የትራንስፎርመር ብረት፣ ከዚያ ቴፑ። እነዚህ ናቸው የሠሩት።

ስለዚህ ሹር ኤስኤም 57 ፈልግ። እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣ ዳይናሚክ የሚባለው ዓይነት፣ መብራት የማይፈልግ ማይክ ነው፤ መሠረቱ እስከ ዛሬ ያው ነው። አዲስ ገዝተህም የድሮ ማይክ ገዛህ ማለት ነው። እስከ 15 ሺህ ኸርዝ ድረስ ነው የሚሰማው፣ ከዚያ በላይ ያለውን ፍትጊያ ይተውልሃል። በውስጡም የራሱ ትራንስፎርመር አለው። አሜሪካ ውስጥ አዲሱ 100 ዶላር ገደማ ነው፤ እዚህ ሲደርስ ስንት እንደሚሆን አንተው ታውቃለህ። ከከበደህ የሰርግ ባንድ ልጆችን ኤስኤም 58 ለምን። የ57 እና የ58 ካፕሱል ዲዛይን አንድ ነው፤ ልዩነታቸው በአብዛኛው የ58 አናት ላይ ያለው የሽቦ ኳስ ነው። ለመሣሪያ ሲሆን ኳሱን ፈትተህ መቅዳት ትችላለህ። ውስጡን በጣትህ እንዳትነካ ብቻ።

ከገበያ ከገዛህ ተጠንቀቅ፣ የሁለቱም ፎርጅድ ሞልቷል። እኔ የምለየው በሚዛን ነው። ትክክለኛው 57 ያለ ኬብሉ 284 ግራም ይመዝናል። ቅመም ሻጭ ዘንድ ሂድና ዲጂታል ሚዛኗ ላይ አስቀምጠው። ቀለል ካለ ተወው። ከሥሩ ባሉት ሦስት ፒኖች አጠገብም 1፣ 2፣ 3 የሚል ቁጥር ፈልግ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ማይኩን ጭራውና ደጋኑ የሚገናኙበት ቦታ ላይ አትደግነው። ወደ ቆዳው አዙረው፣ ከመሃሉ ዝቅ አድርገህ። ርቀቱ ሁለት ስንዝር ያህል ይሁን። ወደ አንድ ስንዝር ስታስጠጋው ወፍራሙ ድምፅ እየጨመረ ይመጣል፤ አብዝተህ ካስጠጋኸው ግን ከበሮ ይሆንብሃል። አሁንም ፍትጊያው ከበዛ ማይኩን ሳታርቅ አንገቱን ብቻ ወደ ጎን ጠምዘዝ አድርገው። ከፊቱ ሳይሆን ከጎኑ የሚገባ ድምፅ ቀጭኑ ይቀንሳል። አጎትህ ሲጫወት ወዲያ ወዲህ የሚል ከሆነ ወንበር ላይ አስቀምጠው፤ ቆሞ የለመደ አዝማሪ ማይክ ፊት አይረጋም።

ከጀርባው የመንዝ ባና ስቀል። ደብረ ብርሃን በብርድ ልብስ የታወቀች ከተማ ሆና ሳለ ሰው ከአዲስ አበባ የግድግዳ ስፖንጅ ሲያስጭን ሳይ ይገርመኛል። ባናውን ከግድግዳው ጋር አታጣብቀው፣ አንድ ክንድ ፈቀቅ አድርገው፤ የበለጠ ይውጣል። ጊዜውም ጥር መሆኑ በጀህ፤ ክረምት ቢሆን ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ዝናብ ነበር የምትቀዳው። ብቻ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ቆርቆሮው ይንጣጣል፣ ማታ ቅዳ።

ፕሪአምፑን ለምን ተወው አልኩህ? ኒቭ 1073 እ.ኤ.አ. በ1970 ነው የወጣው። ሰው የሚወደው ውፍረት በመግቢያውና በመውጫው ካሉት ትራንስፎርመሮች ይመጣል። ብረቱ ሲጫነው ድምፁን በትንሹ ያጣምመዋል፤ መጣመሙ ነው የሚጥመው። የእሱን መንገድ የተከተለ ረከስ ያለ አለ፣ ጎልደን ኤጅ ፕሪ 73 ይባላል፤ እሱም ትራንስፎርመር አለው። ግን ዋጋው ከአንድ 57 ሦስት እጥፍ በላይ ነው፣ ለጆሮህ የሚጨምረው ደግሞ ማይኩን ስንዝር ከማንቀሳቀስ ያነሰ ነው። በጣም ርካሽ የሆኑት «ቲዩብ» የሚል የተጻፈባቸውም አያታልሉህ። 12ኤኤክስ7 የምትባለው ቲዩብ በደንብ ስትሠራ 200 ቮልትና ከዚያ በላይ ትፈልጋለች። ብዙዎቹ ርካሾች ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው የሚሰጧት። በርታ ታምራለች፣ ያ ነው ሥራዋ።

መርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ ማይክ ታገኛለህ። ከድሮ አምፕሊፋየር ጋር የመጣ ከሆነ ግን ኢምፒዳንሱ (የኤሌክትሪክ እገዳው) ከፍተኛ ሊሆን ይችላል። ሳውንድ ካርዱ የማይክ መግቢያ ላይ ስትሰካው ታፍኖና ደክሞ ይሰማል። ማይኩ አልሞተም፤ በመሃል ማስተካከያ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ከተበላሸ አምፕሊፋየር ፈትተው ሲሸጡት ትራንስፎርመሩን አብረህ ለምን።

ባሶናው፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ጥያቄ ብቻ። ለጭራ መሣሪያ ሪበን ማይክ ነው የሚሻለው ሲሉ ሰማሁ፣ እርስዎ ምን ይላሉ? ሌላው፣ ስቀዳ ከሥር «ሙሙ» የሚል ድምፅ አለ። ማይኩን ስለውጥ ይጠፋል?

ጣርማ በር፦

ሪበን ለማሲንቆ ከ57ም ይሻላል፣ አልዋሽህም። ቀጭኑን ድምፅ ከራሱ ያለሰልሰዋል። ግን ውስጡ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የተሸበሸበ፣ ከትንፋሽ የሳሳ አሉሚኒየም ነው። የእኛ አገር ንፋስ በበር ሲገባ ሊጎዳው ይችላል። ኬብልህ ብልሽት ካለበትም ፋንተሙ፣ ማለትም ሳውንድ ካርዱ በማይክ ኬብል የሚልከው 48 ቮልት፣ ሊያበላሸው ይችላል። ድምፁ ደካማ ስለሆነ ብዙ ጌይን ይፈልጋል፤ ስካርሌቱን እስከ ጫፍ ስትከፍተው ሽሽታ ይመጣል። በመሃል ፌትሄድ የምትባል ትንሽ ዕቃ ብታስገባ 27 ዴሲቤል ትጨምርልሃለች። ከሳውንድ ካርዱ ፋንተም ትወስዳለች፣ ወደ ማይኩ ግን አታሳልፍም፤ ስለዚህ ሪበንም አብሮ ይጠበቃል። ይሄ ሁሉ ወጪ ግን ለሚቀጥለው ዓመት ይሁን።

«ሙሙ» የሚለው የመብራት 50 ኸርዝ ነው። የላፕቶፕህን ቻርጀር ነቅለህ በባትሪ ቅዳ። አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ያበቃል።

ቀወት፦

ከሸዋሮቢት ነኝ፤ ጋሼ ጣርማ በር ባሉት ሁሉ እስማማለሁ፣ ቴፑን ግን በአንድ ቃል ብቻ ነው ያለፉት። ባሶናው፣ አባትህ ካሴት ከነበራቸው የሚቀዳ ቴፕም አይጠፋም። አውጣው። ካሴት በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚሄደው፣ የስቱዲዮ ሪል ግን በ38 ወይም በ76 ይሄዳል። በዝግታው ምክንያት ቀጭኑን ድምፅ ይውጣል፣ ጮክ ሲልም ለስለስ አድርጎ ይጨፈልቀዋል። የምትፈልገው ድምፅ ይሄ ነው።

በ57 ንጹሑን ላፕቶፕ ላይ ቅዳ። ከዚያ ከሳውንድ ካርዱ መውጫ ወደ ቴፑ ላይን ኢን ላክ፣ ካሴት ላይ ቅዳውና መልሰህ አስገባው። ዶልቢ (የቴፕ ሽሽታ መቀነሻ) ካለው አጥፋው። የድምፅ መለኪያው መርፌ አልፎ አልፎ ቀዩን ይንካ። መጀመሪያ ግን ሄዱን ጥጥ በአልኮል ነክረህ ጥረገው፤ ቡናማ ቆሻሻ ይወጣልሃል። ቴፑን የሚያዞረው ላስቲክ ደርቆ ከሆነ ድምፁ ይዋዥቃል፣ ማሲንቆው የሰከረ ይመስላል። ላስቲኩን መቀየር ከባድ ሥራ አይደለም።

ጣርማ በር፦

ትክክል ነሽ እቴ። ላስቲኩን ከመግዛትህ በፊት የድሮውን አውጥተህ ይዘህ ሂድ፤ ልኩ ከተለየ ፍጥነቱ ሊዛባብህ ይችላል።

ባሶናው፦

ቴፑ አለ፣ እናቴ ቁም ሳጥን ላይ በጨርቅ ሸፍና አስቀምጣዋለች። ሲከፈት ይዞራል፣ ላስቲኩ ግን ሳያልቅበት አልቀረም። ለ58ቱ የባንድ ልጆቹን አናግሬያለሁ። ወሩ የሰርግ ስለሆነ ቅዳሜና እሁድ አይሰጡኝም፤ ሰኞ ተረከብ ብለውኛል። አጎቴም ሰኞ ማታ ይመቸኛል ብሏል። የቀዳሁትን እዚሁ እጭነዋለሁ።