የሠራሁትን የጊታር ቅርጽ ሌላ አምራች ሲቀዳብኝ ሕግ የሚጠብቅልኝ የትኛውን ክፍል ነው?

መጥረቢያና ሞረድ (ጠያቂ)

ኤሌክትሪክ ጊታር እሠራለሁ። ሁለት ዓመት ያህል ስሠራና ሳፈርስ ቆይቼ ከስምንት ወር በፊት ያጠናቀቅሁት አንድ ጊታር አለ። ገላው ከታች በኩል ባልተለመደ አኳኋን የተቆረጠ ሲሆን፣ ይህ ቁርጥ ተቀምጦ የሚጫወት ሰው ጉልበት ላይ ሳይንሸራተት እንዲያርፍ ያደርገዋል። ክሮቹን የሚይዘው ድልድይ ደግሞ የሌሎቹ ክሮች ቅኝት ሳይናጋ አንዱን ክር ለመለወጥ የሚያስችል የራሴ አሠራር አለው። እንደጨረስሁት ፎቶግራፎቹን በይፋ አወጣሁ፤ ምንም ነገር ግን አላስመዘገብሁም። አሁን አንድ አምራች፣ ስሙን መጥቀስ አልፈልግም፣ የገላውን ቅርጽ እንዳለ ወስዶ የአንገቱን ራስ ብቻ ለውጦ ለገበያ አቅርቦታል። ሥራዎቼን የሚከታተሉት በአሜሪካና በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚገኙ ተጫዋቾች ስለሆኑ፣ የእነዚህን ሕግ የሚያውቅ ሰው መብቴ አልቆ እንደሆነና እንዳልሆነ ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ገጸ ሰነድ

አላለቀም፤ ጊዜው ግን እየሄደ ነው። የሚታየው ቅርጽ በኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ሕግ፣ የድልድዩ አሠራር ደግሞ በፓተንት (ለአዲስ ፈጠራ በሚሰጥ መብት) የሚጠበቁ በመሆናቸው ለየብቻ መታየት አለባቸው። የንድፍ ጥበቃ በአሜሪካ መብቱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ 15 ዓመት ሲቆይ፣ በአውሮፓ ኅብረት በየ5 ዓመቱ እየታደሰ እስከ 25 ዓመት ይደርሳል። በሁለቱም ዘንድ ባለቤቱ ንድፉን ራሱ ከገለጠ በኋላ ለማመልከት 12 ወር ይፈቀድለታል፤ ስለዚህ ለቅርጹ የቀረዎት አራት ወር ነው። በተጨማሪም ንድፉ በመጀመሪያ የተገለጠው በኅብረቱ ውስጥ ከሆነ፣ ሳይመዘገብም ለ3 ዓመት ከመቀዳት ይጠበቃል።

የድልድዩ ነገር ጠበቅ ያለ ነው። በአሜሪካ ለፓተንትም የአንድ ዓመት ጊዜ ያለ ቢሆንም፣ በአውሮፓ ፈጠራው ከማመልከቻው በፊት ለሕዝብ ከተገለጠ፣ የገለጠው ባለቤቱ ራሱ ቢሆንም እንኳ፣ አዲስነቱን ያጣል። ፎቶግራፎቹ የድልድዩን የውስጥ አሠራር ያሳያሉ? ጊታሩስ በሌላ ሰው እጅ ገብቷል?

በጥያቄዎ ውስጥ ተከራካሪዎ ሊጠቀምበት የሚችል አንድ ዓረፍተ ነገር እንዳለም ልጠቁምዎ። ቁርጡ ጉልበት ላይ እንዲያርፍ የተደረገ ነው ብለዋል። የንድፍ ሕግ በአገልግሎቱ ብቻ የተወሰነን ቅርጽ አይጠብቅም፤ ስለዚህ ቁርጡ በሌላም መልክ ሊሠራ ይችል እንደነበርና ይህን መልክ የመረጡት ለዓይን ብለው እንደሆነ የሚያሳዩ የቀድሞ ንድፎችዎን አይጣሉ። በአንጻሩ ቅርጽ ስለ አገልግሎቱ በፓተንት የተያዘበት ጊዜ አለ፤ ጊታር ሠሪው ሊዮ ፌንደር ጃዝማስተር ለተባለው ጊታር የተዛነፈ ወገብ እ.ኤ.አ. በ1960 ያገኘው ፓተንት የዚህ ዓይነት ነው።

ስድስት ክር

ብዙ ሠሪዎችን የሚያጓጓ ሌላ መንገድ አለ፤ እርሱም ቅርጹን እንደ ንግድ ምልክት ማስመዝገብ ነው፤ ምልክት እስከታደሰ ድረስ አያበቃምና። ነገር ግን ገዢው ቅርጹን ሲያይ ሠሪውን የሚያውቅበት መሆን አለበት፤ ጊታሮች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። የፌንደር ኩባንያ ስትራቶካስተር የተባለውን ጊታር ያወጣው በ1954 ሲሆን (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የገላውን ዙሪያ ቅርጽ በምልክትነት ለማስመዝገብ ያመለከተው ግን በ2003 ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሌሎች አምራቾች ቅርጹን ሲሠሩት ኖረዋል። የአሜሪካ የንግድ ምልክት ቦርድ በ2009 ማመልከቻውን ሲጥል፣ ቅርጹ ከመስፋፋቱ የተነሣ በመዝገበ ቃላት ውስጥ የማንኛውም ኤሌክትሪክ ጊታር ማሳያ ሥዕል ሆኖ እንደሚገኝ ጠቅሷል። ለአንድ ሠሪ ትልቁ ሙገሳና ትልቁ ኪሳራ በአንድ ሥዕል ላይ ሲገናኙ ሌላ ቦታ አላየሁም።

ያስመዘገበም ቢሆን ሁልጊዜ አይረታም። የጊታር አምራቹ ጊብሰን ሌስ ፖል የተባለውን ጊታሩን ቅርጽ አስመዝግቦ ሳለ ሌላውን አምራች ፖል ሪድ ስሚዝ ጊታርስን ከሶ በ2004 ቢያሳግደውም፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2005 እግዱን ሽሮታል፤ ገዢው በሚገዛበት ቦታ ሁለቱን ጊታሮች እንደማያምታታ ጊብሰን ራሱ አምኖ ነበርና። የአውሮፓ ኅብረት ጠቅላላ ፍርድ ቤትም በ2019 ፍላይንግ ቪ የተባለውን የጊብሰን ጊታር ቅርጽ በተመለከተ፣ በ1958 እንግዳ የነበረው ነገር ማመልከቻው በቀረበበት በ2010 ከተለመዱት ቅርጾች አንዱ ሆኗል በማለት ወስኗል።

መጥረቢያና ሞረድ (ጠያቂ)

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ፎቶግራፎቹ የድልድዩን ውጫዊ ገጽ እንጂ ውስጡን አያሳዩም፤ ጊታሩንም አልሸጥሁትም። ይሁን እንጂ እንዲሞክረው ለአንድ ተጫዋች ወዳጄ ለሦስት ሳምንት ሰጥቼው ነበር፤ የጽሑፍ ውል አልነበረንም። ደግሞስ በእጄ የሣልኋቸው ሥዕሎች በቅጂ መብት የተጠበቁ አይደሉምን?

ገጸ ሰነድ

ሥዕሎቹ የተጠበቁ ናቸው፤ ይህ ግን ሥዕሎቹን ከመገልበጥ እንጂ በአሜሪካ ሕግ ጊታሩን ከመሥራት አይከለክልም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 በአልባሳት ንድፍ ጉዳይ ሲፈርድ ጊታርን ምሳሌ አድርጎ እንዳስረዳው፣ በጊታሩ ገጽ ላይ የተቀረጸ ወይም የተቀባ ጌጥ በቅጂ መብት ሊጠበቅ ይችላል፤ የመገልገያ ዕቃው የጊታሩ ቅርጽ ግን በዚያው መብት አይያዝም።

ወዳጅዎን በሚመለከት፣ ነገሩን በምስጢር እንዲይዝ የተግባባችሁ መሆኑን የሚያሳይ የጽሑፍ መልእክት ካለ አሁኑኑ ያስቀምጡት። ከሌለም ወዳጅዎ የሚያስታውሰውን በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁት፤ የአውሮፓው የፓተንት ማመልከቻ ዕጣ በዚህ ላይ ሊንጠለጠል ይችላልና።

አሮጌ ሠሪ

ክስ ከመጀመርዎ በፊት አዶልፍ ሳክስን ያስታውሱ። ሳክሶፎንን በ1846 በፈረንሳይ አስመዝግቦ፣ ፓተንቱን ለማሰረዝ ከተነሡ የፓሪስ መሣሪያ ሠሪዎች ጋር ዓመታት በፍርድ ቤት አሳልፏል፤ በ1852፣ በ1873 እና በ1877 ደግሞ ለኪሳራ ተዳርጓል። መብቱ በ1866 ሲያበቃ ሌሎች ሠሪዎችም በነጻነት ሳክሶፎን መሥራት ጀመሩ። መብቱ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ ማመልከቻው ከክሱ እጅግ ይረክሳልና ገንዘብዎን መጀመሪያ እዚያ ያውሉት።

የአንገቱን ራስ ቅርጽም አይናቁት። በ1977 የጊብሰን ባለቤት የነበረው ኖርሊን ኢባኔዝ የተባሉትን ጊታሮች አከፋፋይ የከሰሰው፣ ብዙዎች እንደሚያወሩት ስለ ገላው ሳይሆን ስለ አንገቱ ራስ ነበር፤ ፌንደርም የገላ ቅርጾቹን ማስመዝገብ ቢያቅተውም የራሶቹን ቅርጽ በምልክትነት ይዟል። ቀጂዎ የአንገቱን ራስ የለወጠው ይህን አውቆ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ የንድፍ ማመልከቻውን ሥዕሎች ሲያሠሩ፣ ቁርጡንና የገላውን ዙሪያ ብቻ በሙሉ መስመር፣ አንገቱን፣ ራሱንና ድልድዩን ደግሞ በተቆራረጠ መስመር ያስሥሉ። በተቆራረጠ መስመር የተሣለው ክፍል ከጥበቃው ውጭ ስለሚሆን፣ የአንገቱን ራስ ብቻ ለውጦ ገላውን የወሰደ ሰው በልዩነቱ ሊከራከር አይችልም።