የወይራ ዘር ለምን እንቢ አለኝ?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደብረ ታቦር ነው። ባለፈው የካቲት ከአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን ግቢ የለቀምኩትን 200 ያህል የወይራ ፍሬ መደብ ላይ ዘርቼ እስከ ሰኔ ሳላቋርጥ ባጠጣም፣ የበቀሉት 9 ብቻ ናቸው። አጠገቡ የዘራሁት ባሕር ዛፍ ግን ያለ ችግር ወጥቷል። ዘሩ ሞቶ ይሆን? ቅርንጫፍ ቆርጦ መትከልስ ይቻላል?

መልስ 1፦
በችግኝ ጣቢያ ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ ዘርዎ የሞተ አይመስለኝም። የወይራን ዘር የከበበው ሽፋን እንደ አጥንት የጠነከረ በመሆኑ ውስጡ ያለው ሽል ገፍቶ ለመውጣት ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል። በደንብ የጠቆረውን ፍሬ ከዛፉ ላይ ለቅመው ውሃ ውስጥ ይዘፍዝፉት፤ ሥጋው ሲለሰልስ ከአሸዋ ጋር አሽተው ያጥቡትና በጥላ ያድርቁት። ከዚያ እያንዳንዱን ዘር በሞርሳ ቀስ ብለው አጥብቀው፣ ሽፋኑ ስንጥቅ ሲል ወዲያው ይልቀቁት፤ እጅዎ ከከበደ ሽሉ አብሮ ይደቅቃል፤ እኔም መጀመሪያ ላይ ብዙ ፈጭቻለሁ። የተሰነጠቀውን ለ2 ቀን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈው ሳይደርቅ ይዝሩት። ዘሩ ትኩስ ቢሆን ይመረጣል። ከዚህ ሁሉ በኋላም ቢሆን ከአንድ ወር በላይ መጠበቅ አይቀርም።

መልስ 2፦
በቅርንጫፍ መትከሉ ሥር ለማውጣት ስለሚያስቸግር አልመክርዎትም። ለጥቂት ችግኝ ከሆነ ግን ወፍ ዘራሹን ቢፈልጉ ይሻላል፤ ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን ስለሚጥሉት፣ ከትልልቅ ዛፎች ሥር ብዙ ጊዜ ቡቃያ አይጠፋም። ደብሩን አስፈቅደው፣ በሐምሌ አፈሩ ሲርስ፣ ከስንዝር ያልበለጠውን ከነአፈሩ አንስተው ፕላስቲክ ውስጥ ያዛውሩት። ካደገ በኋላ ከነቀሉት ዋናው ሥር ይበጠስና ይደርቃል።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። መደቡን ገልብጬ በአዲስ ዘር ልጀምር?

መልስ 1፦
አይገልብጡት። ሽፋኑ አፈር ውስጥ እየላላ ሲሄድ በቀጣዩ ክረምት የሚወጣ ሊኖር ስለሚችል፣ ሣር አልብሰው እርጥበቱን ይጠብቁለት እንጂ ውሃ አያስተኙበት፤ አዲሱን ዘር ሌላ መደብ ላይ ይዝሩ። የበቀሉትን 9ኙንም በቀጥታ ከፀሐይ አያጋፍጧቸው፤ ዳሱን ቀስ በቀስ እያሳሱ ያለማምዷቸው። ሜዳ ላይ ሲተክሏቸው ደግሞ አጥር ይሥሩላቸው፤ ፍየል ለወይራ ቅጠል አትመለስም።