ሃሎፔሪዶል የተወጋ አይጥ ለፓርኪንሰን የድባቴና የማሽተት ጥናት ይሆናል?

ጥያቄ፦ ተማሪዋ ከሰበታ

ጤና ይስጥልኝ። የፋርማኮሎጂ የማስተርስ ተማሪ ነኝ፤ የመመረቂያ ሥራዬን የምሠራው ሰበታ ዳር፣ ከጅማ መንገድ ብዙም በማይርቅ የእንስሳት ቤት ውስጥ ነው። ርዕሴ አንድ የአገራችን የመድኃኒት ተክል በፓርኪንሰን ሕመም ላይ ያለው ውጤት ሲሆን፣ ማየት የፈለግሁት መንቀጥቀጡንና የጡንቻ መገተሩን ሳይሆን ብዙ ጊዜ ከእነዚያ ቀድመው የሚመጡትን ድባቴን፣ የማሽተት መድከምን፣ የማስታወስ ችግርንና የሆድ ድርቀትን ነው። በእጃችን ስዊስ አልቢኖ የሚባሉት ትንንሽ ነጭ አይጦችና ጥቂት ራቶች (ትልልቆቹ የላብራቶሪ አይጦች) አሉ፤ አንጎል ውስጥ በትክክለኛው ቦታ መርፌ የሚያስገባ መሣሪያ ግን የለንም። ከእኔ በፊት የነበሩት ተማሪዎች ሃሎፔሪዶል የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ወግተው ስለሠሩ እኔም እንዲሁ እንዳደርግ ተመክሬያለሁ። ይህ ለርዕሴ ይበቃል?

መልስ፦ የፋርማኮሎጂ መምህር

አይበቃም። ሃሎፔሪዶል እንቅስቃሴን የሚመራው የአንጎል ኬሚካል፣ የዶፓሚን፣ ተቀባዮችን ለጊዜው ይዘጋል እንጂ የነርቭ ሕዋስ የሚሞትበትን ሂደት አያሳይም፤ መድኃኒቱ ከሰውነት ሲወጣ አይጧ ተነሥታ ትሄዳለች። ከዚህ የባሰው ችግር የሚመጣው ድባቴን ሲለኩ ነው። የተገተረች አይጥ በመዋኛ ፈተና ውኃ ውስጥ ዝም ብትል፣ ተስፋ ቆርጣ ይሁን እግሯ አልታዘዝ ብሏት በምን ይለያሉ? ፈታኝ መጀመሪያ የሚጠይቅዎት ይህንኑ ነው።

ሕመሙን በእንስሳት ላይ ለማምጣት የሚወጉትን ሌሎቹን መርዞች በአጭሩ ላንሣ። ስድስት-ሃይድሮክሲዶፓሚን ከደም ወደ አንጎል ስለማይሻገር ያለ መሣሪያው አይታሰብም። ኤምፒቲፒ እ.ኤ.አ. በ1982 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተበከለ ሰው ሠራሽ ሄሮይን የወሰዱ ወጣቶችን በድንገት የፓርኪንሰን ሕመምተኛ አስመስሎ ያስቀረ መርዝ ነው፤ የሚወጋውንም ሰው ስለሚያሰጋ፣ ራቶችም በመርፌ ሲሰጣቸው ስለሚቋቋሙት፣ ስዊስ አልቢኖም እንደ ጥቁሮቹ ሲ57 አይጦች ስለማይጎዳ ለእርስዎ አይሆንም።

መልስ፦ የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ

እኔ ሮቴኖን የተባለውን የተባይ ማጥፊያ መርዝ አስቀድማለሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 በራቶች ላይ እንደታየው የሕዋስን የኃይል ምንጭ አውኮ ዶፓሚን አመንጪዎቹን ይገድላል፤ በሰው ሕመምተኞች አንጎል የሚገኘውን አልፋ-ሲኑክሊን የሚባል ፕሮቲን ክምችትም ያመጣል። የአንጀት እንቅስቃሴንም ስለሚያዘገይ ለሆድ ድርቀቱ ይረዳዎታል።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም፣ ሱሉልታ

እህቴ፣ ሮቴኖን በወረቀት ላይ ያምራል፤ በተግባር ግን አንዱ እንስሳ ሲሞት ሌላው ምንም ሳይሆን ይቀራል። ጥቂት ራቶች ይዞ መጀመር ቡድኑ መሃል ላይ እንዲያልቅ መፍቀድ ነው፤ ለሥነ ምግባር ኮሚቴውም ማስረዳት ይቸግራል። ገንዘብ ለመቆጠብ ብለው ዓሣ የሚያደነዝዘውን የብርብራ ፍሬ ጨምቀው እንዳይወጉ አደራ እላለሁ። ሮቴኖን በውስጡ መኖሩ እውነት ነው፤ መጠኑ ግን አይታወቅም፣ ሌሎች ውሁዶችም አብረውት አሉ።

መልስ፦ የፋርማኮሎጂ መምህር

በሐኪሙ ሐሳብ እስማማለሁ። ለእርስዎ የሚቀርበው በራቶች ላይ የሚሠራው ሬዘርፒን የተባለው የቆየ የደም ግፊት መድኃኒት ዝቅተኛ መጠን ይመስለኛል፤ 0.1 ሚሊግራም በኪሎግራም፣ አንድ ቀን እየዘለሉ ከቆዳ ሥር። ሬዘርፒን ዶፓሚንን ብቻ ሳይሆን ኖርአድሬናሊንንና ሴሮቶኒንንም ከማከማቻቸው ያሟጥጣል፤ በፓርኪንሰን ሕመምም የሚጎድሉት ሦስቱም ናቸው። ስዊድናዊው ተመራማሪ ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ1957 በሬዘርፒን የደነዘዙ እንስሳትን ያነቃው፣ ሰውነት ዶፓሚን የሚሠራበትን ዶፓ ሰጥቶ ነበር። መጠኑ ትንሽ ሲሆን የማስታወስ ችግሩ ከመገተሩ ቀድሞ ይታያል፤ የሚፈልጉት መስኮት ያ ነው። ስለዚህ በየጥቂት ቀኑ የመገተር ፈተና እያደረጉ፣ እንቅስቃሴው ገና ደህና ሳለ የቀሩትን ይለኩ። ጉዳቱ ሊመለስ የሚችል መሆኑን ግን በጽሑፍዎ አይደብቁ።

ጥያቄ፦ ተማሪዋ ከሰበታ

እጅግ አመሰግናለሁ። የሆድ ድርቀቱንስ በሬዘርፒን ማየት እችላለሁ?

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም፣ ሱሉልታ

አይችሉም፤ ሬዘርፒን ተቅማጥ ያመጣል። እርጥብ ኩስ እየቆጠሩ ስለ ድርቀት ሊጽፉ አይችሉም።

ማሽተትን በተደበቀ ምግብ ይሞክሩት። ሌሊቱን ያለ ምግብ ያሳደሩትን ራት ብስኩት ከመኝታው ሥር ቀብረው ለማግኘት የሚፈጅበትን ጊዜ ይያዙ፤ ቀጥሎ ብስኩቱን ከላይ አስቀምጠው ይድገሙት። ፊቱ እያለም ከዘገየ ችግሩ አፍንጫው አይደለም። ለድባቴ ከመዋኛው ይልቅ አንድ ጠርሙስ ተራ ውኃና አንድ ጠርሙስ 1 በመቶ የስኳር ውኃ ያቅርቡ፤ ድባቴ የያዘው ራት ለጣፋጩ ያለው ምርጫ ይቀንሳል፤ ቦታቸውን ማቀያየር አይርሱ፣ ራት አንድ ጎን ይለምዳል። በጅማ መንገድ የሚያልፉት የጭነት መኪኖች ጡሩምባም የፍርሃት ፈተናን ያበላሻልና ፀጥ የሚልበትን ሰዓት ይምረጡ። መብራት በጠፋ ቁጥር የብርሃንና የጨለማ ሰዓታቸው ይዛባል፤ የጠፋበትን ሰዓት መዝግበው ይያዙ።

ተማሪዋ ከሰበታ

የሆድ ድርቀቱን ከርዕሴ አውጥቼዋለሁ፤ አማካሪዬም ሬዘርፒኑን ተቀብለውታል። መርፌው ከመጀመሩ በፊት የእያንዳንዱ ራት የስኳር ውኃ ልማድ መታወቅ ስላለበት፣ ከነገ ማለዳ ጀምሮ ጠርሙሶቹን መመዘን እጀምራለሁ።