ጥቆማ፦ ድሬ ላይ ኦርዲናል ዳታ (በደረጃ ቅደም ተከተል የተቀመጠ ዳታ) መተንተን የሚያሳይ ሰው፣ ወይም የሚሻል ሶፍትዌር?

የከዚራ ጥላ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቴሲሴ የነፍሰ ጡሮች የደም ማነስ ላይ ነው። ውጤቱ አራት ደረጃ አለው፤ የሌለባት፣ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ። አማካሪዬ «ኦርዲናል ሎጂስቲክ ሥሪ» ብለውኝ ሄዱ፤ ለእንዲህ ዓይነት ባለ ደረጃ ውጤት የሚሠራው የስታትስቲክስ ትንተና ማለታቸው ነው። ላፕቶፔ ላይ ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታትስቲክስ ሶፍትዌር አለ። ስታታ ይሻላል የሚሉኝ አሉ፣ አር ነፃ ነው የሚሉም አሉ። ሠርቶ የሚሰጠኝ አይደለም የምፈልገው፤ ቁጭ ብሎ የሚያሳየኝ ነው። ድሬ ከጠፋ ሐረርም እሄዳለሁ።

ደቻቱ ማዶ፦
ኤስፒኤስኤስ። አለቀ። ዲግሪዬንም ማስተርሴንም የጨረስኩት በሱ ነው።

ባቡር ጣቢያ፦
አቦ፣ ሰው ከመያዝሽ በፊት የኔን ስሚ። «ዳታ እንሠራለን» ብሎ የለጠፈ አንድ ቤት ሄድኩ። ግማሽ ክፍያ ቅድሚያ፣ ዳታው በፍላሽ። የኔ የእርካታ መጠይቅ ነበር፣ ከ«በጣም አልረካሁም» እስከ «በጣም ረክቻለሁ» አምስት ደረጃ። ሰውዬው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አምስቱን ጨፍልቆ ሁለት አደረጋቸው። የረካና ያልረካ። መሃል ላይ ያሉትን ሁሉ «ያልረካ» ውስጥ ከተታቸው። ከዚያ ለሁለት ምድብ ብቻ የሚሆነውን ተራ ሎጂስቲክ ሠርቶ አስረከበኝ። ዲፌንስ ላይ የፈታኙ የመጀመሪያ ጥያቄ «መሃለኞቹን ማን ፈረደባቸው?» ሆነ። ወጥቼ ስደውልለት ስልኩ ዝግ።

ሻሂ በወተት፦
የቱ ቤት ነው?

ባቡር ጣቢያ፦
አልጠራም። ቀሪውን ግማሽ ግን አልከፈልኩም።

ሻሂ በወተት፦
ሰፈሩን ብቻ ንገረና።

የታይዋን ልጅ፦
ሁሉንም በአንድ ዓይን አትዩ። እኔ የማሠራበት ቤት እንደዚህ አያደርግም። ሰውዬው ጨዋ ነው። ሁሌም እሱ ጋ ነው የምሄደው።

ሐኪም ጋራ፦
ኦርዲናል ሠርቶልሃል?

የታይዋን ልጅ፦
አይ፣ የኔ ፐርሰንት ብቻ ነበር። ግን በጣም ጨዋ ነው።

ሻሂ በወተት፦
ዋሪያ፣ ጨዋነት ፒ ቫልዩ የለውም። የሰውዬው ወንድም ነህ እንዴ?

ሐኪም ጋራ፦
እህቴ፣ ወደ ጥያቄሽ እንመለስ። ሦስቱም ሶፍትዌር ይሠራዋል። ሞዴሉ ያው ፕሮፖርሽናል ኦድስ ነው፣ ፒተር ማክኩላ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው ጽሑፍ የታወቀው። አራቱን ደረጃ ሦስት ቦታ ትቆርጫለሽ። የሌለባት በአንድ ወገን፣ የቀሩት በሌላ። ከዚያ እስከ ቀላል ያሉት ከበላያቸው ካሉት ጋር። ከዚያ ከባድ ለብቻው። ሞዴሉ «ኦድስ ሬሾው (የሁለት ቡድን ኦድስ ሲነጻጸር) በሦስቱም መቁረጫ ላይ አንድ ነው» ብሎ ይነሳል። መፈተን ያለበትም እሱ ነው።

ኤስፒኤስኤስ ላይ አናላይዝ፣ ሪግረሽን፣ ኦርዲናል ግቢ። አውትፑት የሚለውን ከፍተሽ ይህን ግምት በሚፈትነው «ቴስት ኦፍ ፓራለል ላይንስ» ላይ ምልክት አድርጊ፣ ካልነካሽው አይወጣም። ፒ ቫልዩው ከ0.05 በላይ ከሆነ ግምቱን የሚያፈርስ ማስረጃ የለም፣ ደህና ነሽ። ሳምፕልሽ ትልቅ ከሆነ ግን በትንሽ ልዩነትም ይጮሃል፣ ቶሎ አትደንግጪ። ሌላው፣ ፋክተር (በምድብ የተከፈለ ተለዋዋጭ) ብለሽ ያስገባሽው ነገር ማነጻጸሪያው ትልቁ ኮድ ነው። ያልተማረች 0፣ የተማረች 1 ካልሽ የሚያሳይሽ የ0ን ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው ውጤቱን ገልብጦ የሚጽፈው። ኦድስ ሬሾም አያወጣልሽም፤ ኤስቲሜቱን ራስሽ ኤክስፖነንት ማድረግ (exp ማስላት) አለብሽ። ይህ ከሰለቸሽ በጀነራላይዝድ ሊኒየር ሞዴልስ በኩል ኦርዲናል ሎጂስቲክን ምረጪ፣ እዚያ ኤክስፖነንሻሉን ያወጣልሻል።

ደቻቱ ማዶ፦
አየሽ? ኤስፒኤስኤስ አልኩሽ።

ጀጎል በር፦
ከላይ ያለውን ጣጣ ሁሉ አንብበህ ነው ይህን የምትለው? ስታታ ላይ «ኦሎጂት» (ologit) ብለሽ መጨረሻው ላይ ኮማ አድርገሽ «ኦር» (or) ትጽፊያለሽ፣ ኦድስ ሬሾው ቁጭ። ያንኑ ግምት የሚፈትነው ብራንት ቴስት ከውጭ የሚጫን ስለሆነ ኢንተርኔት ካለበት ቦታ ሆነሽ ጫኚው። ፈተናውን ካላለፈ የሪቻርድ ዊሊያምስ «ጎሎጂት 2» (gologit2) የሚባል ትእዛዝ አለ። ያስቸገሩትን ተለዋዋጮች ብቻ ለይቶ ከግምቱ ይለቃል፣ ሌሎቹን እንደነበሩ ይይዛል። ችግሩ ስታታ በገንዘብ ነው። ገንዘብ ከሌለ አር። «ማስ» (MASS) የሚባለው ፓኬጅ አብሮት ይመጣል፣ ውስጡ ይህን ሞዴል የሚሠራው «ፖላር» (polr) አለ። ፒ ቫልዩ ስለማያወጣ ብዙ ሰው ተበላሸ ብሎ ይዘጋዋል። «ኦርዲናል» (ordinal) የሚባለውን ፓኬጅ ብትጭኚ ውስጡ ያለው «ሲኤልኤም» (clm) ፒ ቫልዩውንም ይሰጥሻል።

ሻሂ በወተት፦
በድሬ ሙቀት አር መማር? አላህ ያግዝሽ።

የታይዋን ልጅ፦
በነካ እጃችሁ፣ ቴሲስ የሚጠርዝ ጥሩ ቤት የት አለ? የባለፈው ሳይውል ሳያድር ገጹ ተገነጠለ።

ባቡር ጣቢያ፦
ጨዋው ሰውዬ አይጠርዝም?

የከዚራ ጥላ፦
ሐኪም ጋራ፣ ሞከርኩት። ፓራለል ላይንሱ 0.03 አለ። «ሴልስ ዊዝ ዜሮ ፍሪኩዌንሲስ» (ሰው ያልተገኘባቸው ሴሎች) የሚል ማስጠንቀቂያም ከላይ ወጣ። ከባድ የደም ማነስ ያለባቸው በጣም ጥቂት ናቸው።

ሐኪም ጋራ፦
ዕድሜን በዓመት አስገብተሻል መሰለኝ። እንደዚያ ሲሆን ማስጠንቀቂያው አይቀርም፣ እለፊው። ሞዴሉ ከዳታው ጋር መግጠሙን የሚፈትነውን የፒርሰንን ጉድነስ ኦፍ ፊት ግን አትመኚ። ለ0.03ው እያንዳንዱን ተለዋዋጭ ለብቻ አስገብተሽ የትኛው እንደሚያስቸግር እዪ። ከባድ በጣም ጥቂት ከሆነ ከመካከለኛ ጋር ማዋሃድ ይቻላል፣ ምክንያቱን ጻፊ።

ባቡር ጣቢያ፦
ይኸው! መጨፍለቅ ተጀመረ!

ሐኪም ጋራ፦
ሦስት ደረጃ ይቀራታል እኮ፣ ቅደም ተከተሉም አለ። አንተን የጎዳህ ሳይነግርህ ማድረጉ ነው። እህቴ፣ ላፕቶፕሽን ይዘሽ የደንገጎን ዳገት ውጪና ሐረር ነይ። ፈረስ መጋላ አካባቢ ሻይ እየጠጣን አሳይሻለሁ፣ ክፍያ የለውም።

ጀጎል በር፦
እኔም እመጣለሁ፣ ስታታውን ይዤ።

ሻሂ በወተት፦
ለጥራዙ መጋላ ውስጥ አንድ ሽማግሌ አሉ። በክር ይሰፋሉ። ቀስ ይላሉ እንጂ አይገነጠልም።

ደቻቱ ማዶ፦
በመጨረሻ በምን ሠራሽው? ኤስፒኤስኤስ ነው አይደል?

የታይዋን ልጅ፦
ሽማግሌው ሽፋኑ ላይ በወርቃማ ይጽፋሉ ወይስ እሱን ሌላ ቦታ ነው?